የበረኪና ፍርድ

ራያ ቆቦ ባለችው ሮቢት ሰው ቤት ገብታችሁ ስጋጃው መሀል ላይ ጠረጴዛ ወይም ረከቦት ያለቦታው ተቀምጦ ካያችሁ ለምን እዚህ ሆነ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ባለቤቲቱን ታሳፍራላችሁ። ከሥሩ የተደበቀ ነገር አለ። የተደበቀው ግን ብዙውን ጊዜ የቡና ወይም የወጥ እድፍ አይደለም። እሱማ ድሮ ለቋል። የቀረው የነጣ፣ ጠጉሩ የተንጨፈረረ፣ ዳርዳሩ ቢጫ ያለ ክብ ነው፤ የጽዳቱ ጠባሳ። የፈሰሰው ወጥ ሁለት ጣት የማይሞላ ነበር፤ እሱን ለማስለቀቅ የተደረገው ትግል ግን ሰፌድ የሚያህል ቦታ በልቷል።

የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ እምነት ነው፤ እድፍ ሲጠነክር መድኃኒቱም መጠንከር አለበት የሚል። በረኪና የማያስለቅቀው የለም፤ በረኪና ካቃተው ኦሞ ጨምሪበት፤ ኦሞም ካቃተው በብሩሽ ፈግፍጊው። ጎረቤት ለአዲስ ሙሽራ የምትመክረው ይህንኑ ነው። ምክሩ የእኛ የሮቢቶች ብቻ አይደለም፤ ከቆቦ እስከ ጎብዬ፣ ከወልድያ እስከ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ድረስ የሚሠራበት ነው። የምቃወመውም እሱኑ ነው። ቤታችን ውስጥ «አልለቅ አለ» የምንለው እድፍ አብዛኛው ሲፈስ ገር ነበር። ያከረርነው እኛ ነን።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ስጋጃው እንዴት እንደመጣ ማሰብ ያስፈልጋል። እናቶቻችን ወለሉን በእበት ይለቀልቁ ነበር። መደቡ ላይ ቁርበት ወይም አጎዛ፣ መሬቱ ላይ ሰሌን። ቡና ሲደፋ መሬቱ ይጠጣዋል፤ ወጥ ቢፈስ የሚቀጥለው ልቅለቃ ይሸፍነዋል። ቀጥሎ ሲሚንቶ መጣ፣ ቤቱ ሊሾ ሆነ፣ በላዩ ላይ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለወል ፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጠፈ። ጠጉር ያለው ስጋጃ የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ብዙውም በባሕር ማዶ ገንዘብ። በራያ ቆቦ ሳውዲ ሰው የሌለው ቤተ ዘመድ ማግኘት ከባድ ነው። ጅዳ ወይም ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የላከችው ብር መጀመሪያ ቆርቆሮ ይሆናል፣ ቀጥሎ ሶፋ፣ ቀጥሎ ስጋጃ። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ አረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ የብዙ ቤት የገቢ ምንጭ በአንድ ሰሞን ደረቀ። ስለዚህ ሳሎን የተነጠፈው ነገር እንዲሁ ዕቃ አይደለም፤ የልጅ የጉልበት ዓመታት ናቸው። ሰው ስኒ ሲደፋበት ባለቤቲቱ ብትደነግጥ የማይፈረድባት ለዚህ ነው። ችግሩ ድንጋጤው በረኪናውን በፍጥነት ማስነሳቱ ላይ ነው።

እውቀታችን የተወረሰው ደግሞ ከሌላ ዕቃ ነው። እናቶቻችን የሚያውቁት ነጠላና ጋቢ ነው፤ ጥጥ፣ ያውም ነጭ ጥጥ። በረኪና የተሠራው ለዚሁ ነበር። ፈረንሳዊው ኬሚስት በርቶሌ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ክሎሪንን ለማንጫ ሥራ ሲያውል ያሰበው ጥጥንና በፍታን ነው፤ ከዕፅዋት የሚገኝ፣ ቀለም ያልተነከረ ክር። በዚያ ላይ በረኪና በልክ ከሆነ ጥሩ ይሠራል፤ ማንም አይክደውም። ነጭ ነጠላ ላይ የሰመረውን ነገር ቀይና ሰማያዊ አበባ ያለበት፣ ከነዳጅ ዘር የተሠራ ወይም ከበግ የተሸለተ ጠጉር ላይ ማፍሰስ ግን የተለየ ጉዳይ ነው። ከበረኪና በፊት የነበረው እንዶድ እንኳ ከዚህ ይሻል ነበር፤ አረፋው ገር ነው፣ ቀለም አይነጥቅም። ስለ እንዶድ ዛሬ የምናስታውሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ማስተዋላቸውን ብቻ ነው፤ እሳቸው ያስተዋሉትም ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር መሆኑ ተረስቷል።

አሁን ወደ ክሩ። ስጋጃ ገዝቶ ክሩ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ቀለሙ ይጠየቃል፣ ስፋቱ ይለካል፣ «የቱርክ ነው» ከተባለ ነገሩ ያልቃል። ቱርክ አዎ፤ ጋዚያንቴፕ የምትባለው ከተማ ዓለምን በማሽን ስጋጃ የምታለብስ ናት። እሷ የምትልከው ግን አብዛኛው ሱፍ አይደለም፤ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ፖሊፕሮፒሊን በ1954 እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ ለክር የሚሆነውን ዓይነት ያገኘለት ፕላስቲክ ነው፤ ናታ በዚህና በተያያዘ ሥራው ከጀርመናዊው ካርል ዚግለር ጋር በ1963 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ወስዷል። የማዳበሪያ ጆንያና የዕቃ መጫኛ ገመድ የሚሠራበት ፕላስቲክ ነው። ይህ ክር ሁለት ጠባይ አለው፤ ሁለቱን የሚያውቅ ሰው ከግማሽ በላይ ችግሩን ያውቃል። ውሃ ወደ ውስጡ አያስገባም። ዘይት ግን ይወዳል።

ይህ ማለት ቡናና ቀይ ወጥ እዚያው ስጋጃ ላይ ሲፈሱ የሚሠሩት ሥራ ለየቅል ነው ማለት ነው። ቡናው ውሃ ነው፤ በፕላስቲኩ ጠጉር መሀል ይሰርጋል እንጂ ወደ ጠጉሩ አይገባም። ቶሎ በደረቅ ጨርቅ ተጭነው ካነሱት አብዛኛው ይነሳል። ወጡ ግን በቅቤ ወይም በዘይት የተሸከመው የበርበሬ ቀለም አለው። የበርበሬ ቅላት ውሃ አይወድም፣ ዘይት ውስጥ ይኖራል፤ ዘይቱ ደግሞ ፕላስቲኩን ይወዳል። እዚህ ላይ ውሃና በረኪና ማፍሰስ ዘይቱን አይነካውም። በረኪና ቀለም ያጠፋል እንጂ ቅባት አያነሳም። ቀለሙ ጠፍቶ ቅባቱ ሲቀር ቦታው ንጹሕ ይመስላል፤ ከዚያ የቆላው አቧራ ይመጣል፣ በመስኮት በበር ይገባል፣ ቅባቱ ላይ ይቀመጣል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥቁር ክብ ይወጣል። ያን ጊዜ «እድፉ ተመለሰ» ይባላል። አልተመለሰም፤ መጀመሪያውኑ አልሄደም።

ሱፉ ደግሞ ሌላ ነው። ጥቂት ቤቶች ከደብረ ብርሃን ወይም ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ስጋጃ አላቸው፤ ካላቸው የውርስ ያህል ይጠብቁት። ሱፍ እንደ ሰው ጠጉር ፕሮቲን ነው፤ በረኪና ፕሮቲንን ያሟሟል። የጨርቅ ቤተ ሙከራዎች የተደባለቀ ጨርቅ ውስጥ ምን ያህል ሱፍ እንዳለ ለመለካት ሲፈልጉ ጨርቁን በሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ማለትም በበረኪናው ንጥረ ነገር ይነክሩታል፤ ሱፉ ሟሙቶ ይሄዳል፣ የተረፈው ይመዘናል። ላቦራቶሪ ሱፍ ለማጥፋት የሚጠቀምበትን ነገር እኛ ሱፍ ለማጽዳት እንገዛዋለን።

ታዲያ ይህ ከሆነ እምነቱ ለምን አልሞተም? ምክንያቱ በረኪና አንዳንዴ የሚሠራ መምሰሉ ነው። የፋብሪካው ቀለም ገና ፕላስቲኩ ሲቀልጥ የተቀላቀለበት ፖሊፕሮፒሊን በረኪናን በደንብ ይቋቋማል። እንዲህ ያለ ስጋጃ የገጠማት ሴት ታፈሳለች፣ ቡናው ይነጣል፣ አበባው እንዳለ ይቀራል። «እኔ በበረኪና አጥቤ ለቆልኛል» ስትል እውነቷን ነው። ጎረቤቷ ያንኑ ምክር ይዛ በናይለን ወይም በሱፍ ስጋጃዋ ላይ ታፈሳለች፤ የሷ ይነጣል። ከዚያ ምክሩ አይወቀስም፤ «አበዛሽው» ተብላ እሷ ትወቀሳለች። ልኩም ቢሆን የሚታወቅ አይደለም። በረኪና በሙቀትና በብርሃን ኃይሉን ያጣል፤ ቆቦና ሮቢት ባለ ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የሰነበተው ጠርሙስና ትናንት የተራገፈው ጠርሙስ አንድ አይደሉም። «አንድ ክዳን ብቻ» የሚለው ምክር የየትኛው ጠርሙስ ክዳን እንደሆነ ማንም አይነግራችሁም።

ሌላም የሚያኖረው ነገር አለ፤ ሽታው። በረኪና በረኪና የሚል ቤት የጸዳ ቤት ነው ተብሎ ይታመናል። እንግዳ ገብቶ አፍንጫው ሲቆጣ «ጎሽ፣ ንጹሕ ናት» ይላል። የጽዳት መለኪያችን ከዓይን ወደ አፍንጫ የተዛወረው መቼ እንደሆነ እንጃ፤ በጤናችን ግን እየከፈልን ነው፤ እመለስበታለሁ።

ከእድፎች ሁሉ በጣም የሚፈረድበት እርድ ነው። አልጫ ሲፈስ የሚሆነውን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ቢጫ ነበር። በሳሙና ወይም በኦሞ ሲነካ ቀይ ቡኒ ይሆናል። ሴትየዋ ትደነግጣለች፤ እድፉ ባሰበት፣ ወይም ስጋጃው ቀለሙን ለቀቀ ብላ ታስባለች፤ በረኪናውን ታነሳለች። የሆነው ነገር ቀላል ነው። የእርድ ቢጫነት ከኩርኩሚን የሚመጣ ነው፤ ኩርኩሚን ሳሙናና አመድ በመሰለ ነገር ሲነካ ይቀላል፣ ሎሚ ወይም አቼቶ ሲነካው ወደ ቢጫው ይመለሳል። ትምህርት ቤት በኬሚስትሪ ክፍል አሲድና ቤዝ ስንለይ በወረቀት ያየነው ነገር ነው፤ እዚህ በስጋጃ ላይ ሆነ። ስለዚህ መቅላቱ የመባስ ምልክት አይደለም፤ ሳሙናው እንዳልታጠበ የሚናገር ምልክት ነው።

ኩርኩሚን ደግሞ አንድ ጠላት አለው፤ ፀሐይ። ብርሃን ሲመታው ይፈርሳል። እስቲ አስቡት፤ ሮቢት ያለ ሰው፣ ከዞብል ተራሮች በላይ ጠዋት ወጥታ እስከ ማታ የማትምር ፀሐይ እያለችው፣ እርድን ለማስለቀቅ በገንዘቡ መርዝ ይገዛል። መጀመሪያ ወጡን በማንኪያ ከዳር ወደ መሀል ማንሳት፤ ቅባቱን በጥቂት ላርጎ በቀዝቃዛ ውሃ አሟሙቶ በጨርቅ መጭመቅ፤ ላርጎው እስኪጠፋ በንጹሕ ውሃ እየነከሩ መምጠጥ፤ ከዚያ ስጋጃውን ደጅ አውጥቶ እድፉን ወደ ፀሐይ ማዞር። ለአንድ ቀን፣ ካስፈለገ ለሁለት። ቢጫው እየሳሳ ይሄዳል። የበርበሬውም ቅላት በፀሐይ ይደክማል፤ እንደ እርድ ግን አይቸኩልም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ፖሊፕሮፒሊንም በፀሐይ ብዛት ይሰባበራል፤ ስጋጃን አጥር ላይ ሰቅሎ ሳምንታት መርሳት አይደለም የምመክረው። የስጋጃው ዋና ቀለምም ስስ ከሆነ እድፉ ብቻ እንዲታይ ዙሪያውን በጨርቅ መሸፈን ይበቃል።

ስለ ቡና ብዙ አልልም። ቡና የሚያጸናው ታኒን ነው፤ ታኒን ደግሞ በቁራጭ ሳሙና ሲታሽ ይበልጥ ይያዛል። ነጭ ጨርቅ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ካስፈለገ በውሃ የቀጠነ አቼቶ። ፍምና ከሰል ግን ሌላ ነው። ቡና ስናፈላ ከምድጃው ዘላ የወደቀች ፍም ፕላስቲኩን ታቀልጠዋለች፤ ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፣ የጋለ ከሰል ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ያን የሚመልስ መድኃኒት የለም። የጧፍና የሻማ ሰም ሲንጠባጠብ «ወረቀት ጣልና ካውያ አሳልፍበት» የሚለውም ምክር ለጥጥ የታሰበ ነው፤ የካውያው ሙቀት ሰሙን ብቻ ሳይሆን ስጋጃውን ጭምር ያቀልጠዋል። ቀዝቅዞ ሲደርቅ መሰባበርና መልቀም ይሻላል።

ብሩሹን ሳልነካ አላልፍም። መፈግፈግ ጽዳት ይመስላል ምክንያቱም ድካም አለበት። ሴት በጉልበቷ ተንበርክካ ካላበች ሥራ ሠርታለች ይባላል። ብሩሹ ግን እድፉን ወደ ታች ይገፋዋል፣ ወደ ጎን ይዘረጋዋል፣ የተገመደውን ክር ይፈታዋል። የተፈታ ክር ብርሃኑን ሌላ አድርጎ ስለሚመልስ፣ እድፍ ባይኖርበት እንኳ ለዘላለም እንደቆሸሸ ይታያል። ስጋጃ ላይ የሚሠራው መጫን ነው፤ ደጋግሞ መጫን፣ ጨርቁን እየለወጡ። ያረጀ ነጠላ ለዚህ የሚተካከለው የለም። ስጋጃው ላይ የወደቀ ዋልካ ጭቃ ከሆነ ደግሞ እሱንም አለመንካት፤ እስኪደርቅ ትቶ፣ ሲደርቅ መጥረግ። እርጥቡን መጥረግ ጭቃውን በስጋጃው ላይ መለቅለቅ ነው።

ኦሞ ሲደረግ ያለውም ጉድ ተመሳሳይ ነው። ዱቄቱ በእጅ ሙሉ ይበተናል፣ አረፋው ይነሳል፣ ባለቤቲቱ ደስ ይላታል። አረፋውን ግን ማን ያወጣዋል? ልብስ በሳፋ ውስጥ ደጋግሞ ይለቀለቃል፣ ይጠመዘዛል፤ ስጋጃ አይጠመዘዝም። ሳሙናው ውስጡ ይደርቃል። የደረቀ ሳሙና አቧራ ይይዛል፤ ከጸዳው ቦታ ይልቅ ዙሪያው ንጹሕ የሚመስለው ለዚህ ነው። ከሥር ያለው ጁት ደግሞ ብዙ ውሃና ብዙ ሳሙና ሲጠጣ የራሱን ቡኒ ቀለም ወደ ላይ ይልካል። መጀመሪያ የጠቀስኩት ዳርዳሩ ቢጫ ያለ ክብ ከዚያ የመጣ ነው፤ ከቡና ጋር ዝምድና የለውም።

ቆቦና ወልድያ ላይ ስጋጃ ላቫጆ የሚወስዱ አሉ። እነ ጎሊና ወንዝ ውሃ ሲኖራቸው ወደዚያ የሚወርዱም አሉ። ላቫጆው በግፊት ውሃ አጥቦ፣ ጠቅልሎ፣ ጥላ ውስጥ አቁሞ፣ እርጥቡን ይመልሳል፤ ከሦስት ቀን በኋላ ቤቱ የሻገተ ጆንያ መጋዘን ይሸታል። ወንዙም ቢሆን ከታች ከብት የሚጠጣው ነው፤ በረኪናውና ኦሞው የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስጋጃው ሲደርቅ እድፉ ከታች ወደ ላይ እየተሳበ መመለሱን ግን ብዙ ሰው አይቶታል። ለዚህም መላ አለው፦ እርጥቡ ቦታ ላይ ወፈር ያለ ደረቅ ነጭ ጨርቅ አነባብሮ፣ በላዩ ፌስታል አድርጎ፣ መጅ ወይም ከባድ ድንጋይ ጭኖ ማሳደር። ከታች የሚሳበው ጨርቁ ላይ ይወጣል። የሚገርመው መጁ ቤት ውስጥ ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠ ቆይቷል።

አሁን ወደ ሽታው እመለሳለሁ፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ያንብብ። ሕፃን ስጋጃ ላይ ሲሸና ብዙ ቤት በረኪና ይፈሳል። ሽንት እየቆየ አሞኒያ ይሰጣል፤ አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በረኪናና ሎሚ፣ በረኪናና አቼቶ፣ በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ሲገናኙ ደግሞ ክሎሪን ራሱ ይወጣል። ክሎሪን ጀርመኖች በሚያዝያ 1915 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም ኢፕር ላይ በወታደር ላይ የለቀቁት ጋዝ ነው። እኛ ራያዎች ስለ ጋዝ ከማንም በላይ ልናውቅ ይገባን ነበር፤ ከማይጨው ጦርነት በኋላ በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ በ1928 ዓ.ም. በሸሹት ተዋጊዎች ላይ የዘነበው የጣሊያን ሰናፍጭ ጋዝ ታሪካችን ነው። ሳሎን ውስጥ የሚወጣው ያን ያህል አይደለም፤ ለዓይንና ለሳንባ ግን ይበቃል። ሕፃኑ ደግሞ አፍንጫው ለስጋጃው ቅርብ ነው፤ ይድሃል። በሮቹ በሙቀቱና በአቧራው ምክንያት የተዘጉ ናቸው። ሴትየዋ ስትስል «በረኪናው ኃይለኛ ነው» ትላለች፤ እንደ ምስጋና። ለሽንት ቀዝቃዛ ውሃ መምጠጥ ይበቃል፣ ሽታው ከቀረ የቀጠነ አቼቶ፤ በዚያ ቦታ ላይ ግን አስቀድሞ በረኪና ያልነካው ከሆነ ብቻ።

በስልክ የሚዞሩት ቪዲዮዎች ይህን ሁሉ አባብሰውታል። አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ተደባልቀው ሲፈሉ ያሳዩናል፤ አረፋው አስማት ይመስላል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ አንዱን አጥፍቶ ጨው ያለው ውሃ ነው የሚቀረው። ለየብቻቸው ጥቅም አላቸው፤ ሲፈሉ ግን የሚያዝናኑት ዓይንን ነው። የደም እድፍ ላይ ሙቅ ውሃ አፍስሱ የሚልም አይቻለሁ። ለበዓል በግ ሲታረድ ደሙ ስጋጃ ላይ ቢንጠባጠብ ሙቅ ውሃ ደሙን እንደ ዕንቁላል ያበስለዋል፤ ቀዝቃዛ ነው የሚፈልገው። ወተትም እንዲሁ።

የዚህን ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ሳይነገር ቢቀር ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። ሽማግሌ ወይም ባል ቡና ሲደፋ «አይዞህ፣ ገድ ነው» ይባላል። ማጽዳት ያለባት ግን ሚስት ናት፤ ሚስት ካልሆነች የቤት ሠራተኛዋ። በታዘዘችው መሠረት በረኪና አፍስሳ ስጋጃው ሲነጣ ከደሞዟ ተቆርጦባት የወጣች ልጅ ታሪክ አዲስ አይደለም። ያዘዘቻት አሠሪ ስትቀጣ ግን አልሰማሁም። ከሳውዲ የተመለሱት ልጆች ደግሞ ሌላ ነው የማዝንላቸው። በሰው አገር ለዓመታት ባለ ውድ ስጋጃ ቤት ሠርተዋል፤ ምን በምን እንደሚነካ፣ ምን እንደማይነካ ተገስጸው፣ ተሰድበው ተምረዋል። ወደ ሮቢት ሲመለሱ ያ እውቀት የማይጠየቅ እውቀት ሆነ። «አንቺ እትዬ፣ በዚያ እንዴት ነበር የምታደርጉት?» ብሎ የጠየቃቸው ቢኖር ኖሮ ስንት ስጋጃ በዳነ።

አንድ የምቀበለው ክርክር አለ። ሮቢት ውስጥ ውሃ ሁልጊዜ አይመጣም፤ ደጋግሞ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ለጀሪካን ገዢ ቅንጦት ነው ይላሉ። ትክክል ነው። ነገር ግን የበረኪናውና የኦሞው መንገድ ነው ውሃ የሚበላው፤ በእጅ ሙሉ የተበተነን ዱቄት ለማውጣት ጀሪካኖች ይፈልጋል፣ ባይወጣም ቅሉ። ጨርቅ ነክሮ መጫን አንድ ሊትር አይጨርስም። ውሃ ያነሰው ሰው ነው ይልቁንም ኦሞን መፍራት ያለበት። «ርካሽ ስጋጃ ነው፣ ይቀየራል» ለሚሉት ግን መልስ የለኝም፤ እነሱ ያን ብር ለሠራችው ልጅ ይንገሯት።

የመጨረሻው ወቀሳ ለነጋዴው ነው። ስጋጃው ጀርባ ላይ የተለጠፈው ወረቀት በቱርክኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ገና ሱቅ ሳለ ተቀዷል። ሻጩ «ሱፍ ነው» ይላል፤ አስመጪው የነገረውን ነው የሚደግመው። ደንበኛው ግን ማረጋገጥ ይችላል። ከዳሩ ጠጉር አንድ ክር ንቀሉና ክብሪት አስነኩት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፣ አመዱ በጣት ይደቃል። ፕላስቲክ ከሆነ ይኮማተራል፣ ይንጠባጠባል፣ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ዶቃ ይሆናል። ነጋዴው ክብሪት ይዞ የገባ ደንበኛ ሲያይ ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ። ሱፍ ያለው ዶቃ ሆኖ ከተገኘ ዋጋው የፕላስቲክ ዋጋ ይሁን፤ ክሩ ምን እንደሆነና በረኪና ይንካው አይንካው በአማርኛ ጽፎ ካልሰጠም ከሚቀጥለው ሱቅ መግዛት ነው።